ኪራዩን በወቅቱ ይከፍላል፤ ግቢውን ግን አልቻልነውም

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ አምስት ክፍል ያለው ግቢ አለኝ። በአንዱ እኔ እኖራለሁ፤ አራቱን አከራያለሁ። አንዷ ተከራይ ነርስ ናት፤ ብዙ ጊዜ የሌሊት ተረኛ ነች። ሁለተኛው ክፍል ሕፃን ያላቸው ባልና ሚስት ናቸው። ሦስተኛው አስተማሪ ነው። ሦስቱም ሰላማውያን ናቸው። አራተኛው ወጣት ነው። ኪራይ አሳልፎ አያውቅም፤ እንዲያውም ከሁሉም ቀድሞ ይከፍላል። ግን ከምሳ በኋላ ጓደኞቹ ይሰበሰባሉ፤ ይቅማሉ። ሲመሽ ሙዚቃ ይከፍቱና እስከ ሌሊት 7 እና 8 ሰዓት ይቆያሉ። ሲወጡ የግቢውን በር ክፍት ጥለው ይሄዳሉ። ውሃ በመጣ ቀን ጎማውን ቀድሞ ይዘረጋል፤ ለሌላው አይደርስም። ስናገረው ‹እሺ ማዘር› ይለኛል፤ በነጋታው ያው ነው። አሁን ነርሷ ልትለቅ ቤት እየፈለገች ነው። የወንድሜ ልጅ ‹መብራቱን ቁረጪበት፣ ራሱ ይወጣል› ይለኛል። ውላችን ደላላው የጻፈው አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ልጁ ደግሞ ከሌላ አካባቢ የመጣ ስለሆነ ‹በዘሩ ምክንያት አስወጣችው› እንዳይሉኝ እፈራለሁ። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ በመጀመሪያ መብራቱን አይንኩ። ውሃውንም፣ የበሩን ቁልፍም አይንኩ። እቃውን አውጥቶ በረንዳ ላይ ማስቀመጥም አይታሰብ። የወንድምዎ ልጅ ክፉ አስቦ አይመስለኝም። እንቅልፍ ያጣ ሰው የሚያስበው ይህንን ነው። ግን ዛሬ ጥፋተኛው ልጁ ነው። መብራቱን የቆረጡ ዕለት ጥፋተኛዋ እርስዎ ይሆናሉ። ቀበሌም ሆነ ፖሊስ ጣቢያ ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነው፤ የሚናገረውም ስለ ሙዚቃው አይደለም።

ብዙ አከራይ «ቤቱ የእኔ ነው» ይላል። እውነት ነው፣ ቤቱ የእርስዎ ነው። ያከራዩት ክፍል ግን ውሉ እስካለ ድረስ የልጁ መኖሪያ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የሰው መኖሪያ እንዳይደፈር የሚጠብቀው የራሱ ቤት ላለው ብቻ ሳይሆን ለተከራይም ነው። የወንጀል ሕጉም የሰውን መኖሪያ መድፈርን ወንጀል ያደርገዋል። በሥራዬ ደጋግሜ የማየው ነገር ደግሞ አለ። አከራዩ ቁልፍ ቀይሮ ወይም በሩን ከፍቶ ይገባል። ተከራዩ ተመልሶ ይመጣና «ፍራሽ ሥር ያስቀመጥኩት ብር የለም፤ ላፕቶፔም የለም» ይላል። ይኑር አይኑር ማን ያውቃል? አንድ ጊዜ እጅዎ ያ ክፍል ውስጥ ከገባ በኋላ አልወሰድኩም ብሎ ማስረዳቱ የእርስዎ ዕዳ ይሆናል።

ሌላም ነገር ያስቡ። አሁን ግንቦት ነው። በድሬዳዋ ግንቦትና ሰኔ ያለ ቬንትሌተር በክፍል ውስጥ ማደር አይቻልም። መብራት ከቆረጡበት ልጁ አይወጣም፤ ፍራሹን አውጥቶ ግቢው መሃል ያነጥፋል። ጓደኞቹም አብረውት። ያኔ ሙዚቃው በስልክ ይቀጥላል፤ በእርስዎ መስኮት ሥር።

አሁን ወደ ልጁ። የጻፉልኝ ቅሬታ አምስት ነገር በአንድ ላይ ጠቅልሏል። መቃሙ፣ እንግዶቹ፣ ድምጹ፣ በሩ፣ ውሃው። እነዚህን አንድ ላይ ይዘው ሲናገሩት እሱ የሚሰማው «አኗኗርህን ጠልቼዋለሁ» የሚለውን ብቻ ነው። «እሺ ማዘር» ብሎ የሚያልፈውም ለዚህ ይመስለኛል። ምን እንዲለውጥ እንደተጠየቀ በትክክል አያውቅም።

መቃሙን ይተዉት። እዚህ ከተማ ከምሳ በኋላ መቃም የተለመደ ነው፤ ሕግም አይከለክለውም። በዚህ ከከሰሱት ሰሚ አያገኙም፤ ዋናው ቅሬታዎም አብሮ ይቀላል። እንግዳ ማምጣትም መብቱ ነው። የተከራየው መኖሪያ ቤት ነው፤ መኖሪያ ቤት ደግሞ ወዳጅ ዘመድ ይመጣበታል። ጥያቄው እንግዶቹ ሲመጡ ግቢው ላይ ምን ይደርሳል የሚለው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንዲያጣሩ እፈልጋለሁ። የሚመጡት ሁልጊዜ እነዚያው ጓደኞች ናቸው? ወይስ ፊታቸው ይለዋወጣል? ለመቃሚያ፣ ለቡና፣ ለሺሻ ብር ይከፍሉታል? የሚከፍሉት ከሆነ ክፍሉ መኖሪያ መሆኑ ቀርቶ በርጫ ቤት፣ ማለትም በክፍያ ጫት የሚቃምበት ቤት፣ ሆኗል። ይህ ከጫጫታ የተለየ ጉዳይ ነው። ለመኖሪያ የተሰጠን ቤት ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ለንግድ ማዋል ብቻውን ውል ለማፍረስ የሚበቃ ምክንያት ነው። ግን በጥርጣሬ አይናገሩ። አይተው፣ ሰምተው፣ እርግጠኛ ሆነው ብቻ። ጓደኞቹ ጫት ተዋጥተው ከገዙ ያ ንግድ አይደለም።

ድምጹ ዋናው ጉዳይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። በድሬዳዋ በረድፍ የተሠሩ ቤቶችን አውቃቸዋለሁ። በክፍሎቹ መካከል ያለው ግድግዳ አብዛኛውን ጊዜ እስከ ቆርቆሮው አይደርስም። ኮርኒሱ ላይ ያቆማል፤ ከኮርኒሱ በላይ ያለው ክፍተት ከዳር እስከ ዳር አንድ ነው። ስለዚህ በአራተኛው ክፍል የተከፈተ ሙዚቃ በጣሪያው ውስጥ ሄዶ በመጀመሪያው ክፍል ይወርዳል። ልጁ በክፍሉ ሆኖ «ያን ያህልም አልጮኸም» ሲል ላይዋሽ ይችላል። በታኅሣሥ ሁሉም መስኮት ዘግቶ ሲተኛ ያልተሰማ ድምጽ፣ በግንቦት ሰው መስኮት ከፍቶ ወይም በረንዳ ላይ ሲያድር ይጮኻል። ቅሬታው የበዛው ሙቀቱ ከገባ ወዲህ ከሆነ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ስለዚህ አንድ ምሽት እሱ እያለ፣ ተስማምታችሁ፣ ሙዚቃውን እንደ ልማዱ ይክፈት። እርስዎና እሱ አብራችሁ ሕፃኑ የሚተኛበት ክፍል ገብታችሁ ስሙ። ይህ ከአሥር ምክር ይበልጣል። ድምጽ ማጉያው ከጋራው ግድግዳ ተነስቶ ወደ ውጭኛው ግድግዳ ይዙር። መሬት ላይ የተቀመጠ ከሆነ ከሥሩ ወፍራም ስፖንጅ ይግባበት፤ ሰውን የሚያነቃው ባሱ ነው። ከኮርኒሱ በላይ ያለውን ክፍተት ማዘጋት ደግሞ የእርስዎ ድርሻ ነው። የአንድ ግንበኛ ሥራ ነው፤ ልጁ ቢወጣም ቀጣዩን ተከራይ ይጠቅማል። ይህን የምለው ለልጁ አዝኜ ብቻ አይደለም። ነገ ዳኛ ፊት ቢቀርቡ «እኔ የምችለውን አድርጌያለሁ» የሚለው ቃልዎ የሚታይ ነገር ይኖረዋል።

ስለ ነርሷ ያልጻፉት አንድ ነገር አለ። እሷ የሌሊት ተረኛ ከሆነች የምትተኛው ቀን ነው። ሙዚቃውን በምሽት 4 ሰዓት ቢያስቆሙት ለአስተማሪውና ለሕፃኑ ይበጃል፤ ለእሷ ምንም አይለውጥም። እሷን የሚነሳት የከሰዓቱ ስብስብ ነው፤ ሳቁ፣ ክርክሩ፣ የበሩ መከፈትና መዘጋት። ክፍሏ ከልጁ ጋር ግድግዳ የሚጋራ ከሆነ ከአስተማሪው ጋር ክፍል ብትቀያየርስ? እሱ ከሰዓት ትምህርት ቤት ነው። ሁለቱም ከተስማሙ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ዛሬውኑ ያነጋግሯት። የምትለቀው በድምጹ ብቻ ላይሆን ይችላል። ጥሩ ተከራይ የሚሸሸው አከራይዋ ዝም ስትል ነው። እስከ አሁን ነርሷ ያየችው እርስዎ ከልጁ ኪራይ ሲቀበሉ ነው። ደብዳቤ ሲጽፉለት አላየችም።

እርስዎን ዝም ያሰኘዎትም ይኸው ኪራይ ይመስለኛል። ቀድሞ የሚከፍል ተከራይ ማጣት ያስፈራል፤ ይገባኛል። ግን ሒሳቡን ያዙሩት። ነርሷ ከወጣች፣ ቀጥሎ ባለ ሕፃኖቹ ይወጣሉ። ሕፃን ያለው ሰው ብዙ አይታገሥም። በግቢው የሚገባው አዲስ ሰው ደግሞ ያንን ድምጽ የሚችል ሰው ነው፤ ማለትም ሌላ እንደ እሱ ያለ። የአንድ ክፍል ኪራይ ለመጠበቅ የሦስት ክፍል ኪራይ እያሰጉ ነው።

እንዴት ይናገሩት? ጠዋት። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ አይደለም። ከሰዓት በምርቃና ላይ ያለ ሰው ሁሉን ነገር እሺ ይላል። ግቢውን ቀለም ልቀባልሽም ይላል። ማታ ደግሞ ጓደኞቹ ፊት ነው፤ እዚያ መናገር ማዋረድ ነው፤ ይመልስልዎታል። ሌሊት ከእንቅልፍ በንዴት ተነስተው በሩን መደብደብማ ጭራሽ። ቅዳሜ ወይም እሁድ ጠዋት ቡና ላይ ይጥሩት። ብቻውን። የሚናገሩትም ሁለት ነገር ብቻ ይሁን። ‹ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ከክፍልህ ውጭ ድምጽ እንዳይሰማ። እንግዶችህ ሲወጡ በሩን አንተ ራስህ ዝጋ።› በቃ። «ትንሽ ቀንስ» አይበሉ። ለእሱ ትንሽ የሆነው ለሕፃኑ ብዙ ነው። ሰዓት ግን ለሁሉም አንድ ነው።

ስለ ውሃው ብዙ አልልም። ተራ ያውጡና በሮቶው አጠገብ ይለጥፉት። ተራ ካለ ጠብ የለም።

አሁን ወረቀቱ። እዚህ ላይ አደራ የምለው አለኝ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የእርስዎን ግቢም ይመለከታል። አዋጁ ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ ያዛል። ትንሹ የውል ዘመን 2 ዓመት ነው። ቅድሚያ ክፍያም ከ2 ወር መብለጥ የለበትም። ስለዚህ በድሮው ልማድ «ወሩ ሲያልቅ ልቀቅልኝ» ብሎ ማስወጣት የለም። ደላላው በጻፈው ወረቀት ላይ «አከራይ በፈለገ ጊዜ ያስለቅቃል» የሚል ቢኖርም አይመኩበት።

ብዙ አከራይ ይህን ሲሰማ ተስፋ ይቆርጣል። ግን ያው አዋጅ ለእርስዎም በር ትቷል። ተከራይ የአካባቢውን ሰላም በተደጋጋሚ ካወከ ውሉ ሊቋረጥበት ይችላል። ትልቁ ቃል «በተደጋጋሚ» ነው። አንድ ሌሊት አይበቃም። ንዴትዎም አይበቃም። መደጋገሙን የሚያሳይ ነገር በእጅዎ ሊኖር ይገባል። እርስዎ አሁን ያለዎት ረጅም ጊዜ የፈጀ ድካም ብቻ ሆኖ አንድም የተጻፈ መስመር ከሌለ፣ ገና መጀመሪያው ላይ ነዎት ማለት ነው።

ከዚያ በፊት ግን ውሉ ካልተመዘገበ ያስመዝግቡት። ያልተመዘገበ ውል ይዞ ክስ ማቅረብ ራስን ማጋለጥ ነው። ልጁ በግዴታው ሲጠየቅ እሱም በእርስዎ ግዴታ ይጠይቃል። ይህ ደግሞ ጥሩ አጋጣሚ ነው። ለምዝገባ አዲስ ውል መጻፍዎ ስለማይቀር የግቢውን ደንብ እዚያው ላይ ያስገቡት። ለአራቱም ተከራዮች አንድ ዓይነት ይሁን። ለምሳሌ እንዲህ፦

«ተከራይ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ከክፍሉ ውጭ የሚሰማ ሙዚቃም ሆነ ሌላ ድምጽ አያሰማም። እንግዳ ሲሸኝ የግቢውን በር ራሱ ይዘጋል። የውሃ ተራ ያከብራል። ክፍሉን ከመኖሪያ ውጭ ለሌላ አገልግሎት አያውልም። ተከራዩ በእንግዶቹ ድርጊትም ኃላፊ ነው።»

የመጨረሻዋን መስመር አይዝለሏት። «እኔ ተኝቼ ነበር፣ ጓደኞቼ ናቸው» የሚለው መልስ በእሷ ይዘጋል።

ደንቡ ባይጻፍም ሕግ አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1225 ባለቤት እንኳ በገዛ ቤቱ ከመልካም ጉርብትና በሚያልፍ ጭስ፣ ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታ፣ ጫጫታና ንዝረት ጎረቤቱን እንዳያስቸግር ይከለክላል። ባለቤት ያልተፈቀደለትን ተከራይ ይፈቀድልኛል ማለት አይችልም። ይህን ለልጁ በሰላም ቢነግሩት ጥሩ ነው። «አሮጊቷ ጠልታኝ ነው» ከሚለው ሐሳብ ያወጣዋል።

ቀጥሎ አንድ ደብተር ይግዙ። ተራ የተማሪ ደብተር። ሌሊት የሆነውን ጠዋት ይጻፉ፤ በሳምንቱ መጨረሻ አስታውሰው አይጻፉ። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ይበቃል፦

«ግንቦት 9። ከሌሊቱ 6፡30 እስከ 8፡10 ሙዚቃ። በረንዳዬ ላይ ሆኜ የዘፈኑን ቃል ለይቼ እሰማለሁ። ሲወጡ በሩን ክፍት ተዉት፤ እኔ ተነስቼ ዘጋሁት። አስተማሪውም ነቅቶ ነበር።»

እዩት፤ ስድብ የለበትም። «ጋጠወጥ» አይልም፤ «ሁልጊዜ» አይልም። ቀን፣ ሰዓት፣ ምን ተሰማ፣ ማን ሰማ። ዳኛ የሚያምነው ይህንን ነው። ጸጥ ያለበትን ሳምንትም ይጻፉ። ከማስጠንቀቂያው በኋላ አሥር ቀን ሰላም ከሆነ ይመዝገብ፤ ሐቀኛ ደብተር ይታመናል።

ቡናው ላይ የነገሩት ካልሠራ ሁለተኛው እርምጃ በጽሑፍ ማስጠንቀቅ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1772 ግዴታህን አልተወጣህም ብሎ መብት ከመጠየቅ በፊት ማስጠንቀቂያ መስጠትን ይጠይቃል። ደብዳቤው አጭር ይሁን፦

«ግንቦት 9፣ 13 እና 16 ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ከክፍልህ በወጣ ድምጽ የግቢው ነዋሪዎች እንቅልፍ አጥተዋል። በእነዚሁ ሌሊቶች የግቢው በር ክፍት ተትቷል። ከዛሬ ጀምሮ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ከክፍልህ ውጭ የሚሰማ ድምጽ እንዳይኖር፣ እንግዶችህ ሲወጡም በሩን እንድትዘጋ አስጠነቅቃለሁ። ይህ ካልተደረገ ውሉ እንዲቋረጥ የምጠይቅ መሆኔን አሳውቃለሁ።»

በሁለት ቅጂ ያድርጉት። አንዱን ይስጡት፤ በሌላው ላይ መቀበሉን ይፈርም። አልፈርምም ካለ አይከራከሩ። ሁለት ሰዎች «ሲሰጠው አይተናል፣ ለመፈረም ፈቃደኛ አልሆነም» ብለው ቀን ጽፈው ይፈርሙ። በፖስታ ቤት በአደራ መላክም ይቻላል።

ምስክርን በተመለከተ ከአሁኑ ይዘጋጁ። ተከራዮችዎ ለእርስዎ ሲያማርሩ አንድ ናቸው፤ ፈርሙ ሲባሉ «እኔን አታስገቡኝ» ይላሉ። አይፍረዱባቸው። እነሱ ከልጁ ጋር በአንድ ቧንቧ ይቀዳሉ፤ በአንድ መጸዳጃ ቤት ይጠቀማሉ። አንዱ ብቻውን እንዲወጣ አይገፋፉ። ሦስቱም አንድ ላይ፣ በአንድ ወረቀት፣ የየራሳቸውን የሰሙትን ይጻፉ። የአጎራባች ግቢ ሰው ቢጨመር ደግሞ ይበልጥ ይጠነክራል፤ አዋጁ የሚለው የአካባቢ ሰላም ነውና።

በመሃል ሽማግሌ ይግባ? አዎ፣ ግን አንድ ሰው። አምስት ሽማግሌ ነጠላ አጣፍቶ ክፍሉ ቢሞላ ልጁ እንደ ፍርድ ያየዋል። ሲገባ ተያዥ የሆነለት ሰው ካለ በእሱ ይጀምሩ። ከሌለ የሚሠራበት ቦታ አለቃ፣ ወይም ከእናት ከአባቱ ወገን ድሬ የሚኖር ታላቅ ሰው አይጠፋም። በዚህ ከተማ በእድርም በአፎቻም (እንደ እድር ያለ የመረዳጃ ማኅበር ነው) አንዱ ሌላውን ያውቃል። ያ ሰው ልጁ የሚያፍረው ሰው መሆን አለበት። እርስዎ የሚያከብሩት ሽማግሌ ለእሱ እንግዳ ከሆነ ምንም አይፈይድም።

ለፖሊስ መደወል የሚገባው ጊዜም አለ። ጠብ ከተነሳ፣ ዛቻ ከተሰማ፣ ስለት ከወጣ፣ ወይም ከክፍሉ የሚሰማው የሰው ድብደባ ከሆነ ደብተሩን ትተው ወዲያው ይደውሉ። ሴት ልጅ ስትጮህ ሰምቶ «የሰው ጉዳይ ነው» ማለት አይገባም። ከእርስዎ ጽሑፍ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም፤ ቢሆንም መለየቱን ይወቁት። ለሙዚቃ ብቻ በየሌሊቱ መጥራት ግን አያዋጣም። ከማስጠንቀቂያው ደብዳቤ በኋላ የተደገመ ከሆነ አንድ ጊዜ ይጥሩና መምጣታቸው እንዲመዘገብ ይጠይቁ።

ስለ ፈሩት ነገር። ልጁ ከሌላ አካባቢ የመጣ መሆኑ አስግቶዎታል። ድሬዳዋ ሁሉም ከሁሉም ጋር የሚኖርባት ከተማ ናት፤ እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሳ ደግሞ ቶሎ ይቀጣጠላል። ስጋትዎ ተገቢ ነው። መከላከያው ከላይ ያልኩት ነው። ደንቡ ለአራቱም አንድ ከሆነ፣ ደብዳቤው ቀንና ሰዓት ብቻ ከያዘ፣ ቅሬታውን የፈረሙት ሰዎች የተለያዩ ከሆኑ፣ ወሬው መቆሚያ ያጣል። እርስዎም በአፍዎ ይጠንቀቁ። «እነዚህ ሰዎች» የምትል አንዲት ቃል በንዴት ካመለጠችዎት ደብተሩ ሁሉ ዋጋ ያጣል። የወንድምዎ ልጅንም ያስጠንቅቁ። እሱ በር ላይ ቆሞ የሚናገረው በእርስዎ ስም ነው የሚቆጠረው።

ይህ ሁሉ ሆኖ ልጁ ካልተለወጠ፣ ፍርድ ቤት ከመሄድዎ በፊት አንድ መንገድ ይሞክሩ። እኔ ከሁሉ የምመርጠው እሱን ነው። በስምምነት መለያየት። ውልን ሁለቱ ወገኖች ተስማምተው ሊያቋርጡት ይችላሉ፤ 2 ዓመቱ ይህን አይከለክልም። ጠዋት ይቀመጡና «ይህ ግቢ ለአንተ አይመችም፤ ጸጥታ የሚፈልግ ሰው የሞላበት ነው። እስከዚህ ቀን ቤት ፈልግ፤ ቀድመህ የከፈልከውን እመልሳለሁ» ይበሉት። ለአይሱዙም ለጋሪም የሚሆን የእቃ ማጓጓዣ ቢሰጡት አይጎዱም። ከክስ ወጪ ያነሰ ነው። ወጣት ልጅ ነው፤ በክብር ሲሸኙት ይሄዳል። ግን ስምምነቱ ይጻፍ። የሚለቅበት ቀን፣ የሚመለስለት ብር፣ የመብራትና የውሃ ሒሳብ መዘጋቱ፣ የሁለታችሁ ፊርማ፣ ሁለት ምስክር። ብሩን የሚሰጡት ቁልፉን በተቀበሉበት ሰዓት እንጂ ቀደም ብለው አይደለም። ውሉ ተመዝግቦ ከነበረ መቋረጡንም ያሳውቁ።

በስምምነትም እምቢ ካለ ፍርድ ቤት። ይዘው የሚሄዱት የቤቱን ካርታ፣ የተመዘገበውን ውል፣ የማስጠንቀቂያውን ቅጂ፣ ደብተሩንና የምስክሮችን ስም ዝርዝር ነው። ክሱ እስኪያልቅ ኪራዩን ይቀበሉ፤ በባንክ ይግባ። «አልቀበልም» ካሉ «ልከፍል ስል እምቢ አለችኝ» ይላል፤ ጉዳዩም ከጫጫታ ወደ ሒሳብ ይዞራል። ጊዜ ይወስዳል፤ አይካድም። በዚያ ጊዜ ውስጥ ልጁ ሆን ብሎ ሊያናድድዎት ይችላል። ያኔም መብራቱን እንዳይነኩ። ፍርዱ ከወጣ በኋላም ቢሆን አስገድዶ የሚያስወጣው ፍርድ ቤቱ የሚያዝዘው አካል ነው፤ እርስዎ ወይም የወንድምዎ ልጅ አይደላችሁም።

ለዚህ ሳምንት ግን ሥራዎ ሦስት ነው። ዛሬ ነርሷን ያነጋግሩ፤ ክፍል መቀያየሩን ያንሱላት፤ ምን ልታደርጉ እንዳሰባችሁ ትስማ፤ ትንሽ እንድትታገሥ ይለምኗት። ነገ ደብተሩን ይጀምሩ። ቅዳሜ ጠዋት፣ ልጁ ከመውጣቱ በፊት፣ ቡናውን አፍልተው ይጥሩት።